ቀን ለሥራ፤ ማታ ለትምህርት፤ ለቤተሰብስ መቼ?

በአዲስ አበባ ከተማ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ገደማ በየመንገዱ የሚታየውን ሰው ልብ ብሎ የተመለከተ ሁሉ፤ ሁለት ዓይነት መንገደኛ ለይቶ ለማወቅ አይቸግረውም። አንደኛው የዕለት ሥራውን ፈጽሞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ደብተሩን በብብቱ ይዞ፤ ሰዓቱን ደጋግሞ እየተመለከተ፤ የቤቱን አቅጣጫ ትቶ ወደ ማታ ትምህርት ቤት የሚቻኮለው ነው። ይህ ሁለተኛው ሰው ልጅ አይደለም። በዚያችው ሰዓት ልጆቹ ከትምህርት ቤት ተመልሰው በር በሩን የሚያዩበት አባት ነው፤ ወይም የማታውን ራት ለትልቋ ልጇ አደራ ብላ ጠዋት የወጣች እናት ናት። ቀን በአንዱ መደብር ገንዘብ ያዥ፥ በአንዱ ዕቃ ቤት መዝገብ ያዥ፥ በአንዱ ባንክ ጸሐፊ፥ በአንዱ ፋብሪካ የፈረቃ አለቃ ሆኖ ሲሠራ የዋለውም ይኸው ሰው ነው።

በዛሬው ጽሑፌ ለክቡራን አንባቢዎች ጥቂት ለመናገር የምወደው ስለዚህ ሰው ነው። በዚህ ገጽ ላይ ስለ ዋጋ፥ ስለ ግብር፥ ስለ ጉምሩክና ስለ ውጭ ምንዛሪ ዘወትር ይጻፋል፤ መጻፉም የተገባ ነው። ነገር ግን የአንድ ንግድ ቤት ሀብት በመጋዘን የተከመረው ሸቀጥና በባንክ የተቀመጠው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሸቀጡን የሚቈጥረው፥ ገንዘቡን የሚመዘግበው፥ ደንበኛውን የሚያስተናግደው ሰው ዕውቀት ከሀብቱ ሁሉ የሚበልጥ ሀብት ነው። ስለዚህ ሠራተኛ ሆኖ የሚማረው ሰው ጉዳይ የዚያ ሰው የግል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ የሚታይ አይደለም፤ የነጋዴውም ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ይህ ልማድ በአገራችን አዲስ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። በ1930ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ለባንኮች፥ ለመሥሪያ ቤቶችና ለንግድ ቤቶች ጸሐፊና ሒሳብ ሠራተኛ ሲያወጣ የኖረ ነው፤ ኋላም በማታ ትምህርቱ አያሌ ሠራተኞች የዕውቀት ደረጃቸውን አሻሽለውበታል። ብርሃንህ ዛሬ ነው የተባለውም የማታ ትምህርት ቤት ስሙ ራሱ ለአዋቂ ተማሪ የተነገረ ምክር ነበር። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና ኋላም በ1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹን በአንድነት ያሰባሰበው ዩኒቨርሲቲ በኤክስቴንሽን ክፍል ሠራተኞችን በማታ አስተምረዋል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜም እርሻውንና ገበያውን ውሎ የመጣ ገበሬ፥ ልጅ ያዘለች እናት፥ ሽበት ያበቀለ ሽማግሌ በአንድ ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው ፊደል ቈጥረዋል። እንግዲህ «ካረጁ አይበጁ» የሚለው ተረት በትምህርት ረገድ ከሐሰት መዝገብ ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ይልቁንም ዐዋቂው ተማሪ ከልጁ የሚበልጥበት ነገር አለ። መምህሩ ስለ ዕቃ እርጅና ቅናሽ ሲያስተምር ልጁ ቃሉን ያጠናል፤ የመጋዘን ሠራተኛው ግን በግቢው የቆመችውን አሮጌ የጭነት መኪና ያስባል። መምህሩ ስለ ብድር ወለድ ሲናገር ልጁ ቁጥሩን ያባዛል፤ ባለ ሱቁ ግን ባለፈው ዓመት በችኰላ የፈረመውን ውል በልቡ ያነባል። ስለዚህ በማታ የተማረው ነገር በማግሥቱ ጠዋት ሥራ ላይ ይውላል። ከቀን ተማሪው ዘንድ ይህን የመሰለ ፈጣን ፍሬ ማግኘት አይቻልም።

ዛሬ ደግሞ የትምህርት ፍላጎት ከቀድሞው ይልቅ የጨመረበት ግልጽ ምክንያት አለ። በ2006 ዓ.ም. ስለ ፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 847 የሒሳብ አያያዛችን ዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲከተል ስላዘዘ፤ በቀድሞው ዘዴ የሠለጠነ ሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ እንደገና ወደ ሰሌዳ መመለስ ግድ ሆኖበታል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በስልክ ገንዘብ መክፈልና መቀበል በየሱቁ ተስፋፍቷል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች በአገራችን እንዲሠሩ የሚፈቅደው ሕግ ጸደቀ፤ በተከታዩም ወር የኢትዮጵያ የሰነድ መዋዕለ ነዋይ ገበያ ሥራውን ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህ ሁሉ የተለወጠበት የንግድ ዓለም፤ የዛሬ ሃያ ዓመት በተገኘ ዲፕሎማ ብቻ ሊመራ እንደማይችል የታወቀ ነው።

ከዚህም በቀር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና መፈተን አለበት። ይህ ፈተና የቀን ተማሪ፥ የማታ ተማሪ ብሎ አይለይም፤ የመንግሥት ወይም የግል ኮሌጅ ብሎም አያዳላም። ከመቶ ሃምሳ ያላገኘ ዲግሪውን አይቀበልም። ስለ ትምህርት ጥራት ሲባል የተደረገ ስለ ሆነ በመሠረቱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በቤተ መጻሕፍት ለሚውለው ወጣትና ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያስጭንና ሲያስወርድ ለሚውለው አባት ፈተናው አንድ መሆኑን ስናስብ፤ የሁለተኛው ሸክም ምን ያህል እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

ነጋዴ ነገሩን በቁጥር ማየት ስለሚወድ፤ እኔም የአንድ ማታ ተማሪ የሳምንት ጊዜ እንዴት እንደሚወጣ በገቢና ወጪ መልክ ላስቀምጠው። ሰባት ቀን 168 ሰዓት ነው። ሰው በቀን 7 ሰዓት ቢተኛ 49 ሰዓት ይወጣል። ሕጉ የፈቀደው መደበኛ የሥራ ጊዜ በቀን 8፥ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ለመንገድ በቀን ሁለት ሰዓት ብንይዝ በስድስት ቀን 12 ሰዓት ይሆናል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ማታው ሁለት ሰዓት ተኩል በክፍል የሚቀመጥበት 15 ሰዓት ነው፤ በክፍል የሰማውን ለማጥናት ደግሞ ከዚያ የማያንስ ሌላ 15 ሰዓት ያሻዋል። ለመታጠብ፥ ለመልበስና ለመመገብ በቀን ሁለት ሰዓት ብንመድብ 14 ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲደመር 153 ሰዓት ነው። የቀረው 15 ሰዓት ብቻ ነው።

በዚህ በ15 ሰዓት ውስጥ ነው እንግዲህ ከትዳር ጓደኛ ጋር መነጋገር፥ የልጅን ደብተር ማየት፥ የታመመ መጠየቅ፥ ዕድር መድረስ፥ ለቅሶ መዋል፥ የአምልኮን ግዴታ መፈጸም፥ የቤት ዕቃ መግዛትና የፈሰሰ ጣራ ማስጠገን ሁሉ ተጠቃሎ የሚፈጸመው። እርሱም ቢሆን በየዕለቱ የተከፋፈለ ጊዜ አይደለም፤ አብዛኛው በእሑድ ቀን ላይ የተከማቸ ነው። በሥራ ቀን ሰውዬው ከሌሊቱ በሦስት ሰዓት ተኩል ቤቱ ሲገባ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ጠዋት ሲወጣም ገና አልነቁም። በአንድ ቤት እየኖረ ልጆቹን የሚያያቸው ተኝተው ነው ማለት ነው።

ሴቷ ማታ ተማሪ ስትሆን ሒሳቡ ጭራሽ አይገጥምም። ከላይ በቈጠርነው መዝገብ ውስጥ ለማብሰል፥ ለማጠብና ሕፃን ለመንከባከብ የተመደበ ሰዓት እንደሌለ አንባቢ ልብ ብሎ ይሆናል። ለወንዱ ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይሠራለታልና። ሴቷ ግን ይህንንም ጨምራ ትሠራለች፤ የምትከፍለውም ከእንቅልፏ ቀንሳ ነው። ስለዚህ በማታ ትምህርት ቤት ሴት ተማሪ ስታንቀላፋ ያየ መምህር ስንፍና ነው ብሎ አይፍረድባት።

ስለዚህ ጉዳይ የምናገረው ከሰው ሰምቼ እንዳልሆነ ለማስረዳት ስለ ራሴ ጥቂት ብናገር አንባቢ ይቅርታ ያድርግልኝ። በ1988 ዓ.ም. በመርካቶ በአንድ የጅምላ መደብር ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበርኩ። ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ሆኜ ሳለሁ የማታ የሒሳብ ትምህርት ጀመርኩ፤ አምስት ዓመትም ፈጀብኝ። ጌታዬ የነበሩት ሽማግሌ ነጋዴ ከፊርማቸው በቀር መጻፍ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ሆኖም መማሬን በሰሙ ጊዜ፤ «ጠዋት ከሌላው ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ክፈት፤ ማታ ከሌላው ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ሂድ፤ እኔ ያላወቅሁትን አንተ ዕወቅልኝ» አሉኝ። ከዚህ ሌላ አንድ ሳንቲም አልጨመሩልኝም። ይሁን እንጂ ያቺ ግማሽ ሰዓት ባትኖር ኖሮ ትምህርቴን አልጨርስም ነበር።

ባለቤቴ በበኩሏ በሁለተኛው ዓመት የትምህርት ገንዘቡ ባጠረኝ ጊዜ የዕቁቧን ዕጣ አውጥታ ከፈለችልኝ። ሁለተኛው ልጃችን የተወለደው በዚሁ መካከል ነው። መራመድ የጀመረበትን ቀን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ዲፕሎማዬን በተቀበልኩ ቀን ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ፤ ባለቤቴን ግን እንኳን ደስ ያለሽ ያላት አልነበረም። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አሁን የምናገረው ደግሞ የራሴን ጥፋት ነው። ከዓመታት በኋላ እኔም የራሴን መደብር ከፈትኩ። በ2010 ዓ.ም. ገንዘብ ያዤ የነበረች የሁለት ልጆች እናት በማታ ትማር ነበር። በሰኔ ወር መጨረሻ መጥታ፤ «ጋሼ፤ ፈተና ስለ ደረሰብኝ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ይፍቀዱልኝ» አለችኝ። ሰኔ ሠላሳ የበጀት ዓመት የሚዘጋበት፤ የዕቃ ቈጠራ የሚደረግበት ጊዜ እንደ ሆነ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም። «ቈጠራ ሳይጠናቀቅ ማንም አይወጣም» አልኳት። እርስዋም ልጆቿን የምታበላው በደመወዟ ስለ ሆነ አልተከራከረችኝም፤ ቈጠራውን ጨረሰች፤ ሁለቱ ፈተናዎች አመለጧት። ትምህርቷ በአንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀረ። በመስከረም ወር ደግሞ ከሌላ መደብር ሥራ አግኝታ ተሰናበተችኝ።

ነገሩን ማታ ለባለቤቴ ባጫውታት፤ «አንተስ ስንት ሰኔ ተፈተንክ?» አለችኝ። አምስት ሰኔ ተፈትኛለሁ። አምስቱንም ጊዜ ያ ፊደል ያልቈጠረ ሽማግሌ ቈጠራውን ራሱ ቆሞ እያስቈጠረ እኔን ልኮኛል። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። በንግድ ረገድም የደረሰብኝን ኪሳራ ብንመለከት፤ ሦስት ከሰዓት በኋላ ከለከልኩ፤ ስድስት ዓመት የለመደች፥ አንድ ቀን ሒሳቧ ያልጎደለ ገንዘብ ያዥ አጣሁ። በምትክዋ የቀጠርኩት ሰው ሥራውን እስኪለምድ ድረስ ያለፈው ወራትና የጠፋው ገንዘብ ከሦስት ከሰዓት በኋላ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ይህን ሁሉ ስል አሠሪዎች የሚያነሡት ተቃውሞ እንዳለ አልዘነጋሁም። አንደኛው፤ «አስተምሬው ሲያበቃ ጥሎኝ ይሄዳል» የሚለው ነው። ይህ አባባል እውነትነት የለውም አይባልም። ይሁን እንጂ ሠራተኛው የሚሄደው ስለ ተማረ ብቻ አይደለም፤ ተምሮ ሳለ በቀድሞው ወንበርና በቀድሞው ደመወዝ እንዲቀመጥ ስለሚደረግ ነው። መዝገብ ያዡ ሒሳብ ሹም ለመሆን የሚያበቃ ትምህርት ይዞ ሲመጣ አሁንም መዝገብ ያዥ ብቻ ነህ ከተባለ፤ ደረጃውን የሚያውቅለት ሌላ ቤት ቢፈልግ አይፈረድበትም። የማይማር ሠራተኛ ይዞ መቅረትም ትርፍ ሊባል አይችልም፤ የሚሄደው ዐዋቂ ከሚያደርሰው ጉዳት የማይሄደው አላዋቂ የሚያደርሰው ይበልጣልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ፤ «እኔ ትልቅ ኩባንያ አይደለሁም፤ ሦስት ሠራተኛ ነው ያለኝ፤ አንዱ ሲወጣ ሱቁ ይዘጋል» የሚለው ነው። ይህኛው ክብደት ያለው አሳብ ነው። ትንሽ ሱቅ እንደ ትልቅ ባንክ የትምህርት ፈቃድ ከነደመወዙ ይስጥ ቢባል ፍርድ አይሆንም። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርባቸው አሳቦች በተቻለ መጠን ገንዘብ የማያስወጡና ለትንሹም ለትልቁም የሚሆኑ ናቸው።

አንደኛ፤ የትምህርት ነገር በጽሑፍ ይወሰን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የትምህርትና የሥልጠና ፈቃድ አሰጣጥን ለኅብረት ስምምነት ወይም ለሥራ ደንብ ትቶታል። ሕጉ ለእኛ ከተወው እኛ ልንሞላው ይገባል። በደንብ የተጻፈ ነገር ሲኖር ሠራተኛው የአለቃውን ፊት እያየ አይለምንም፤ አለቃውም ለአንዱ ፈቅዶ ለሌላው በመከልከል አይታማም።

ሁለተኛ፤ የግማሽ ሰዓቱ ልውውጥ ይለመድ። የሚማረው ሠራተኛ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ገብቶ ማታ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቢወጣ፤ ስምንቱ ሰዓት አይጐድልም። ሱቁ ቀድሞ ይከፈታል፤ ዕቃው ተጠርጎና ተስተካክሎ ደንበኛ ይጠብቃል። ሠራተኛውም በታክሲ ሰልፍ ውስጥ ሆኖ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አያጣም።

ሦስተኛ፤ የሰኔን ችግር አስቀድመን እናስብ። የሚማሩ ሠራተኞች በሴሚስተሩ መጀመሪያ የፈተና ጊዜያቸውን በግምትም ቢሆን እንዲያሳውቁ ይደረግ። የዕቃ ቈጠራውም ሁሉ በአንድ ሳምንት ከሚከመር፤ ብዙም የማይንቀሳቀሰው ዕቃ ከግንቦት ጀምሮ ክፍል በክፍል ቢቈጠርና ኋላ የገባውና የወጣው ብቻ ቢስተካከል፤ የሰኔ መጨረሻ ሥራ ይቀላል። እኔ ከዚያ ጥፋቴ በኋላ ይህን ዘዴ ይዣለሁ፤ ለፈተና ከመጥቀሙም በላይ የቈጠራ ስሕተት እንደ ቀነሰልኝ ለመመስከር እችላለሁ።

አራተኛ፤ በትምህርት ክፍያ ረገድ መተጋገዝ ይቻላል። አሠሪው የሴሚስተሩን ክፍያ አበድሮ በየወሩ ከደመወዝ ጥቂት ጥቂት ቢቀንስ ሠራተኛው ከአራጣ ይድናል። አቅም ያለው አሠሪ ደግሞ ተማሪው ትምህርቱን ሲያልፍ የክፍያውን እኩሌታ ቢመልስለት ትጋትን ይጨምራል። ለዚህ ውለታ ሠራተኛው የተወሰነ ዓመት እንዲያገለግል በውል መስማማት ተገቢ ነው፤ ሆኖም ግዴታው በየዓመቱ እየቀነሰ የሚሄድ፤ ዘመኑም አጭር ይሁን። ሰውን ለዘለዓለም የሚያስር ውል ፍቅርን ያጠፋል፤ ፍቅር የሌለበት አገልግሎትም ዋጋው አነስተኛ ነው።

አምስተኛ፤ ተምሮ ለጨረሰ ሠራተኛ የሚመጥነው ሥራ ይታሰብለት። ሹመቱ ወዲያውኑ ባይገኝ እንኳ፤ የተማረውን የሚሠራበት አንድ ጉዳይ፤ የግብር ማስታወቂያውን እንዲያዘጋጅ ወይም የዕቃ መዝገቡን እንዲያሻሽል ቢሰጠው፤ መማሩ እንደ ታወቀለት ይረዳል።

ለአሠሪዎች ይህን ያህል ከተናገርኩ ለተማሪዎቹም አንድ ሁለት ቃል ሳልናገር ማለፍ አድልዎ ይሆንብኛል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ አባቶቻችን። ዐዋቂ ተማሪ ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት የሚማርበትን ምክንያት ነው። ጎረቤት ዲግሪ ስለ ያዘ ብቻ የሚጀመር ትምህርት የሦስተኛውን ዓመት ድካም አይችልም። ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ልክን ማወቅ ያሻል። በአንድ ሴሚስተር አምስት ትምህርት ይዞ ሁለቱን ከመውደቅ ሦስቱን ይዞ ሦስቱንም ማለፍ ይሻላል። ዓመቱ ይረዝም ይሆናል፤ ነገር ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። የዓመት ፈቃድም ለዚህ ይጠቅማል፤ አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ይሰጣልና፤ ከአሠሪው ጋር ተስማምቶ ከፊሉን ለፈተና ሰሞን ማቆየት ብልኅነት ነው።

ደግሞም የሥራ ሰዓት የጥናት ሰዓት አይደለም። በጠረጴዛው ሥር መጽሐፍ ደብቆ ደንበኛን የሚያስጠብቅ ተማሪ የሚበድለው አሠሪውን ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ ፈቃድ የሚጠይቀውን ሌላውን ማታ ተማሪ ጭምር ነው። አሠሪ አንድ ጊዜ ከተታለለ ለሁሉም በሩን ይዘጋልና።

ስለ ቤተሰብ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ይነጋገሩ፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ብቻ ሳይሆን ራቱን ማን እንደሚያበስል፥ ልጁን ማን እንደሚያስጠና፥ የታመመው ዘመድ ዘንድ ማን እንደሚሄድ ይወስኑ። ሳይመክሩ የተጀመረ ትምህርት ኋላ የጠብ ምክንያት ይሆናል። ከሳምንቱም አንዱ ቀን፤ እሑድ ቢሆን ወይም ሌላ፤ እኩሌታው እንኳ መጽሐፍ የማይገለጥበት ይሁን። ልጆች አባታቸው ስለ ምን እንደሚያመሽ ይነገራቸው፤ ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ናፍቆቱን ይችላል። ከዚያም በአንድ ጠረጴዛ ልጅ የራሱን፥ አባት የራሱን የቤት ሥራ ቢሠሩ፤ ለልጁ ከምክር ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው። ሚስት ተማሪ ስትሆን ደግሞ ባል እጁን ሰብስቦ አይቀመጥ፤ እርስዋ ለእርሱ ያደረገችውን እርሱም ለእርስዋ ያድርግ።

የማታ ትምህርት ቤቶችም ድርሻ አለባቸው። የፈተናውን ጊዜ ቀደም ብለው ቢያስታውቁ፤ በበጀት መዝጊያ ሰሞን የሒሳብ ሠራተኞችን በአንድ ላይ ፈተና ባያስቀምጡ፤ በሥራ ግዳጅ ፈተና ላመለጠው ሰው ከአሠሪው ማስረጃ ሲያመጣ ሌላ ቀን ቢሰጡት፤ የትምህርቱ ደረጃ አይቀንስም፤ የተማሪው ቁጥር ግን ይበረክታል። ንግድ ምክር ቤትም ለአነስተኛ ንግድ ቤቶች የሚሆን፤ በአንድ ገጽ የሚጻፍ የሥራ ደንብ ምሳሌ ቢያዘጋጅ፤ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ለሌለው ባለ ሱቅ ትልቅ እርዳታ ይሆናል የሚል አሳብ አለኝ።

ያቺን ገንዘብ ያዥ ካጣኋት ከሦስት ዓመት በኋላ በመንገድ አገኘኋት። ትምህርቷን ፈጽማ በሄደችበት ቤት ሒሳብ ሹም ሆናለች። ሰላምታ ከተሰጣጣን በኋላ ያለፈውን እያሰብኩ ይቅርታ ጠየቅኋት። እርስዋም፤ «ግድ የለም፤ ጋሼ፤ የሰኔ ነገር ነው» ብላ በትሕትና አለፈችው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ግንቦት ሲብት ሠራተኞቼን ሰብስቤ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ቈጠራው አይደለም፤ «ከእናንተ መካከል ፈተና ያለበት ማን ነው?» የሚል ነው። ክቡራን የንግድ ባልደረቦቼም ይህችን ጥያቄ በየመደብራቸው እንዲጠይቁ በአክብሮት እለምናለሁ። ወጪዋ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ትርፏ ግን ለመደብሩም፥ ለሠራተኛውም፥ በር በሩን እያዩ ለሚጠብቁትም ልጆች ነው።